ደሴተኛው ጎጃም

ደሴት ሲባል የአብዛኞቻችን ልብ ወደ ጣና ይሄዳል። ቢሄድም አይፈረድበትም። ደቅ አለ፤ በዳርቻው እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሳነጿት ናርጋ ሥላሴ አለች። ደን የሸፈነው ዳጋ አለ፤ ሴት የማይረግጠው፣ የነገሥታት ዐፅም በመስተዋት ሣጥን ያረፈበት። ከደንገል የምትሠራው ታንኳ አለች። ቱሪስቱ ካሜራውን አንግቶ የሚጎርፈው በከንቱ አይደለም።

እኔ ግን የሞጣ ሰው ነኝና ስለ ሌላ ደሴት ላውጋችሁ፤ ስለ ጎጃም። እስቲ ካርታ ዘርጉና ዓባይን በጣታችሁ ተከተሉት። ባሕር ዳር አጠገብ ከጣና ይወጣል፤ ከሞጣ በታች ያልፋል፤ ብቸናን በስተቀኝ ትቶ ወደ ደቡብ ይወርዳል፤ ከደጀን በታች ደግሞ ወደ ምዕራብ ይታጠፋል። መሐል ላይ ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ቆሞ ጅረቶቹን ወደዚያው ይልካል። ይህ ደሴት ካልሆነ ምን ይባላል?

ቱሪስት የሚከፍለው ደሴት ለመግባት ነው፤ እኛ የከፈልነው ለመውጣት ነው። አፄ ፋሲል በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንዳሠሩት የሚነገርለት የድንጋይ ድልድይ ሞጣን ከቤጌምድር ያገናኝ ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመን አርበኞች የጠላትን መንገድ ለመቁረጥ መሐሉን አፈረሱት። ጠላት ሄደ፤ ስብራቱ ግን ቀረ፤ ስሙም ሰባራ ድልድይ ሆነ። ለ60 ዓመታት ያህል ሰው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ከወዲያና ከወዲህ በቆሙ ጎበዞች እየተጎተተ፣ ከገደሉ በላይ ተንጠልጥሎ ተሻገረ።

አያቴ ከእስቴ ወደ ሞጣ የተዳረች ነበረች። ወንድሟ በሐምሌ ሞቶ መርዶውን የሰማችው አርባው ከወጣ በኋላ፣ ለመስቀል ነው። ያለቀሰችው ለሞቱ ብቻ አልነበረም፤ ሳትቀብረው በመቅረቷ ጭምር እንጂ።

በ1990ዎቹ ለስብራቱ የብረት መሸጋገሪያ ተገጠመለት፤ ጎርፍ ወሰደው። ኋላ ከፍ ያለ ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ ተዘረጋ።

ውኃን ግን አልራገምም። የጣና ገዳማት ዘውዱንና ብራናውን ያቆዩት ጠላት ሐይቁን በቀላሉ ስለማይሻገረው ነው። አርበኞቹም ድልድዩን የሰበሩት ዓባይ አጥር እንዲሆናቸው ነው። አጥሩ ጠላትን ከልክሎ ሲያበቃ ዘመድንም ከለከለ። ዕዳውን የከፈሉት እንደ አያቴ ያሉት ናቸው።

ዳጋ እስጢፋኖስ የደረስኩ ዕለት አንድ አረጋዊ መነኩሴ ከሣጥኖቹ አንዱን አሳዩኝ። አፄ ፋሲል ናቸው። ጎጃምን በድልድይ ከደሴትነት ያወጡት ንጉሥ ራሳቸው ደሴት ላይ ተኝተዋል።

«ከወዴት ነህ ልጄ?» አሉኝ።

«ከሞጣ ነኝ፣ አባ።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ታዲያ ድልድያቸው ተጠገነ?»

«ለእግረኛ የሚሆን ተዘርግቷል፣ አባ።»

«ተመስገን» አሉ ወደ ሣጥኑ እያዩ፤ «እንግዲያማ ሰው ዘመዱን ይቀብራል።»