እታለም ወጣች!

እታለም ወጣች! በቀዶ ጥገና የልቧ ቫልቭ ተቀይሯል፤ ልቧም ተመልሶ በራሱ እየመታ ነው። ስትጸልዩ ለሰነበታችሁ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ጠዋት ከመግባቷ በፊት ግንባሯ ላይ ግራና ቀኝ ፕላስተር የመሰለ ነገር ለጠፉባት። «ሐሳቤን ሊያነቡት ነው እንዴ?» አለች። ሐኪሟን ጠይቄ «ኦክስጅን ብቻ ነው የሚያየው» ስላት፣ «ተመስገን! የምራቴን ነገር እያሰብኩ ነበር» ብላ ሁላችንንም አሳቀችን።

እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ያን ግንባሯ ላይ የተለጠፈውን ነገር ሳሰላስል ዋልኩ። ጆን ጊበን እ.ኤ.አ. በ1953 ፊላዴልፊያ ላይ የልብና የሳንባ ማሽን ተጠቅሞ ቀዶ ጥገናው ከተሳካለት ወዲህ፣ ልብ ቆሞ ሊጠገን ይችላል። አንጎል ግን ጥቂት ደቂቃ እንኳ ኦክስጅን ቢያጣ ይጎዳል። ጣት ላይ የሚሰካው መለኪያ ደግሞ የደም ትርታ ካላገኘ አያነብም፤ ልብ ሲቆም ትርታ ከየት ይመጣል? የግንባሩ መለኪያ ትርታ አይፈልግም። ዓይን የማያየው ብርሃን በራስ ቅል ውስጥ ያሳልፋል፤ ኦክስጅን የያዘና ያልያዘ ደም ብርሃኑን እኩል ስለማይውጡት፣ ከተመለሰው ተነስቶ ቁጥር ያወጣል። ቁጥሩ ከመነሻው 20 በመቶ ያህል ከወረደ ሁሉም ይሯሯጣል፦ ግፊቷ ወርዶ ይሆን? የማሽኑ ቱቦ ቦታውን ለቆ ይሆን? ደም ያስፈልጋት ይሆን?

ይህን ሳሰላስል አጎቴ ትዝ አለኝ፤ ንዴቴም አብሮ ተነሳ። እሱ ልቡን የተሠራ ሰሞን ሌሊት ከሞተ ወንድሙ ጋር ያወራ ጀመር። እኛን አላወቀንም፤ የተሰካለትን ሁሉ ሊነቅል ሲታገል እጁን አሰሩት። አንዱ ዘመድ «ጠበል ውሰዱት» ይላል፣ ሌላው «አበደ» ይላል፣ ነርሷ «እርጅና ነው» ብላ አለፈች። ከልብ ቀዶ ጥገና በኋላ አዛውንት ላይ እንዲህ ያለ መዘባረቅ የተለመደ እንደሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜም በቀናት ውስጥ እንደሚለቅ አንድ ሰው እንኳ አልነገረንም። መነጽሩን ማድረግ፣ ቀን መጋረጃውን መክፈት፣ የሚያውቀው ድምፅ አጠገቡ መሆኑ እንደሚረዳ ብናውቅ ኖሮ በር ላይ ቆመን ስናለቅስ ባላደርን ነበር። ልቡ ዳነ ተብሎ እልል ሲባል፣ አንጎሉን ማንም አልጠየቀም!

መሣሪያው ይህን ሁሉ ያስቀራል አልልም፤ ጥናቶቹም ያን አላረጋገጡም። ግን ልብ በቆመበት ሰዓት አንድ ሰው አንጎሏን እያየላት መሆኑን ማወቅ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ዘመድ የምታስገቡ ሁሉ ጠይቁ። አንጎሉን በምን ትከታተላላችሁ? ሲነቃ ቢዘባርቅ ምን እናድርግ? በሉ። ሐኪም በጥያቄ አይቀየምም። ቢቀየምም ይቀየም።