የአክስል ላስቲክ

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው፣ ደብረ ማርቆስ፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ቪትዙን ግቢው ውስጥ በክሪክ አንስቶ የቀኙን የፊት ጎማ ፈቷል። ከጎማው ጀርባ ያለው ብረት ሁሉ ጥቁር ግሪስ ተረጭቶበታል። ፍሳሹን ያየችው ትንሿ ልጁ ናት፤ እሱ መኪናው ምንም ድምፅ ስላልነበራት ለሳምንታት አላወቀም። ከአክስሉ ጫፍ ያለችው እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈች ላስቲክ ግማሽ ዙሯን ተተርትራለች።

ፊቷ የሚጎትት መኪና ጎማ ሁለት ሥራ አለበት፤ መኪናዋን ይጎትታል፣ ከመሪው ጋርም ይታጠፋል። ጎማው ታጥፎም ጉልበቱ ሳይቆራረጥ እንዲደርሰው ዘንጉ ጫፍ ላይ ስድስት የብረት ኳሶች ያሉት መገጣጠሚያ አለ። የፎርድ መሐንዲስ አልፍሬድ ርዜፓ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. የፈለሰፈው ነው፤ በ1959 ደግሞ የእንግሊዟ ሚኒ ለተራው ሰው መኪና አደረሰችው። ኳሶቹ ያለ ግሪስ አይኖሩም፣ ግሪሱን የምትይዘውም ያቺ ላስቲክ ናት። ስትቀደድ ግሪሱ ይወጣል፣ በምትኩ ጭቃና አሸዋ ይገባል። ከዚያ መሪው እስከ ጥግ ሲዞር ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ይጀምራል። ድምፁ ሲሰማ ግን ብረቱ መበላት ጀምሯል ማለት ነው። ላዳ የነዱ ሰዎች ይህን ጣጣ አያውቁትም፤ ላዳን የሚገፋት የኋላ እግሯ ነውና የእነሱ ራስ ምታት ክሮቸራ ነበር።

የጎጃም መንገድ ደግሞ ለዚህች ላስቲክ አይራራም። ክረምት የመረሬ ጭቃ ነው፣ በጋ አቧራ፣ ከተማ ውስጥ ኮብልስቶን። አዲስ አበባ ለመድረስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲኬድ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ መውረድና ወደ ጎሃ ጽዮን መውጣት አለ፤ በዚያ ሁሉ ጠመዝማዛ ላስቲኳ ስትታጠፍ ስትዘረጋ ነው የምትውለው።

መምህሩ መጀመሪያ ጋራዥ ሄዶ ነበር። "አክስሉን ሙሉውን እንቀይረው፣ ያገለገለ ከአዲስ አበባ ይመጣል" አሉት። ዋጋው ከወር ደመወዙ ይበልጣል። መካኒኮቹን መውቀስ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ሙሉ አክስል መቀየር ፈጣን ሥራ ነው፣ ላስቲክ መቀየር ግን ግማሽ ቀን የሚፈጅና ብዙ ገንዘብ የማይጠየቅበት። ሌላው ምርጫ የተቀደደውን በካላማዳሪ ቁራጭ ጠቅልሎ በሽቦ ማሰር ነው። እሱ ደግሞ አሸዋውን ከውስጥ ቆልፎ ማስቀመጥ ነው።

አሮጌ መኪና ሸጦ የተሻለ መግዛት ይቻል የነበረበት ጊዜም አልፏል። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ዋጋ ሰቀለው። በጥር 2016 የነዳጅ መኪና ማስገባት መከልከሉ ተነገረ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ደግሞ ብር በገበያ ይወሰን ተባለ፤ ከ57 ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ አለፈ፣ መለዋወጫውም ተከተለው። መምህሩ ያለችው ቪትዝ ይህች ናት፤ ምናልባትም የመጨረሻው። ረቡዕ ደግሞ አባቱን ከሉማሜ ማዶ አምጥቶ ለስኳር ክትትል ሆስፒታል ማድረስ አለበት። በክልሉ ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። ሽማግሌውን መናኸሪያ ላይ ትራንስፖርት ጠብቁ ማለት አልሆነለትም። ላስቲኳም ብትሆን ከሶማሌ ተራ ተገዝታ፣ ለአውቶብስ ሹፌር በአደራ ተሰጥታ፣ ሁለት ቀን ዘግይታ ነው የደረሰችው።

ጎረቤቱ፣ ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሹፌር፣ በአጥሩ በኩል አዩትና ገቡ።

"ክሪክ አይታመንም፣ ልጄ። ግንድ ደግፍበት።"

"እሺ ጋሼ።"

"ትልቁን ዳዶስ ጎማው መሬት ሳለ አላልተኸዋል?"

አላላላውም ነበር። ጎማውን መልሰው አሰሩ፣ መኪናዋን አወረዱ፣ መምህሩ ረጅም ቧንቧ ቁልፉ ላይ አስረዝሞ ቆመበትና ዳዶው ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ሁሉም እንደገና። የታችኛውን ክንድ የያዙት ብሎኖች ሲፈቱ የጎማው መቀመጫ ወደ ውጭ ተሳበ፣ የአክስሉም ጫፍ ወጣ። የውስጡን ጫፍ አልነኩትም፤ ከካምቢዮው ቢነቀል ዘይት ይፈሳል።

አሮጌዋን ላስቲክ በካቻቢቴና በቢላ ቀደዷት። መገጣጠሚያው በመዶሻ ሁለት ሦስት ጊዜ ተመትቶ ከዘንጉ ወጣ። ጋሼ በናፍጣ አጠቡትና ኳሶቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ዳሰሱ። አራቱ እንደ መስታወት ናቸው፤ ሁለቱ ትንሽ ተጭረዋል። አሮጌ ሹፌሮች ግራሶ የሚሉት ቢጫው ግሪስ ቤት ውስጥ ነበር፣ ግን ለዚህ አይሆንም፤ ከላስቲኳ ጋር የመጣው ሞሊብዲነም ያለበት ጥቁሩ ነው የሚገባው። መምህሩ ቆጥቦ ሊያስቀር ሲል ጋሼ ከለከሉት፤ የመጣው በሙሉ ገባ። ላስቲኳ ውስጥ የቀረው አየር እንዲወጣ አፏን በካቻቢቴ ጫፍ ከፈት አደረጉና ማሰሪያዎቹን በፒንሳ አጠበቁ።

የእነዚህን መሣሪያዎች ስም ጣሊያን ትቶልን ሄዷል፤ ነገ ደግሞ የቻይና የኤሌክትሪክ መኪኖች የራሳቸውን ስም ያመጡ ይሆናል። እነሱ የሞተር ዘይት አይፈልጉም፣ ሻማም የላቸውም። ይህች ላስቲክ ግን እነሱም ላይ አለች፤ ከጎማው ጋር የሚያገናኛቸው ያው የሚታጠፍ ዘንግ ነው። "የኤሌክትሪክ መኪና ጥገና የለውም" ብሎ የሸጠ ነጋዴ ወደ ጎጃም ገጠር አልነዳትም ማለት ነው።

ስምንት ሰዓት ላይ ጨረሱ። መምህሩ መኪናዋን ሰፈሩ ውስጥ ካለው ሜዳ ወስዶ መሪውን እስከ ጥግ ወደ ግራ አዞረና በዝግታ ዞረ፤ ፀጥታ። ወደ ቀኝ አዞረ። ጋሼ ከመኪናዋ ጎን እየተራመዱ ጆሯቸውን ወደ ጎማው አዘነበሉ።

"ትንሽ አለች" አሉ።

"ብዙ ናት ጋሼ?"

"ትንሽ ናት። ሁለት ወር ቀደም ብለህ ብታያት ኖሮ አትኖርም ነበር። አሁን እዚያው ላይ ትቆይልሃለች፤ ጥግ ድረስ አታዙራት።"

ረቡዕ ንጋት ላይ መንገዱ ክፍት ነበር። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ሰብስበው ከፊት ወንበር ተቀመጡ። ከግቢው ሲወጡ መምህሩ መሪውን አላጠበቀም፤ ሰፋ አድርጎ በሁለት ጊዜ ዞረ።