ሽለላ የሚችል ሳክስፎን

የእህቴ ልጅ ከመሐል ሜዳ ደውሎ «ጋሼ፣ ሳክስፎን ልገዛ ነው፤ ባለሙያ የሚይዘው ዓይነት» አለኝ። ገንዘቡ የሁለት በሬ ሽያጭ ነው። በዚህ ጊዜ ሳክስፎን? የምትሉ ትኖራላችሁ። ልጁ ግን ሠርግ ላይ እየተጫወተ የሚኖር ነው፤ ለእሱ በሬው ይኸው ነው።

በዚህ ብር አዲስ ሰልመር አይታሰብም። ያገለገለ ነው የሚገዛው፤ ያገለገለ ደግሞ በስም አይገዛም። እኔ በወጣትነቴ በብልጭታው ተታልዬ የገዛሁት፣ ታች ያሉት ድምፆች እምቢ ብለውኝ ቀሩ። ችግሩ የቀዳዳዎቹ መክደኛ ቆዳ ነበር። ጨለማ ክፍል ውስጥ ትንሽ አምፖል ቱቦው ውስጥ አስገብቶ መክደኛዎቹን መዝጋት ነው፤ ብርሃን ካፈተለከ ትንፋሽም ያፈተልካል። ቀጥሎ የመጨረሻውን ወፍራም ድምፅ በቀስታ መንፋት። በኃይል ሲነፉትማ የተበላሸውም ይጮኻል።

ጌታቸው መኩሪያን አስቡት። የይፋት ሰው ነበር፣ ከመንዝ ቁልቁል። በክራርና በመሲንቆ ጀምሮ፣ በኋላ የጦረኛውን ሽለላ በቴነር ሳክስፎን አወረደው። ሽለላ ፉከራም አለው፣ እንጉርጉሮም አለው። አንዱን ብቻ የሚችል መሣሪያ ለአገራችን ዜማ ግማሽ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ፦ የመንዝ ብርድ ብረቱን ሲያቀዘቅዘው ድምፁ ይወርዳል። ሳይሞቅ አይፈረድበትም።

ቅዳሜ ብሩን ይዞ አዲስ አበባ ይመጣል። አምፖሉን እኔ ይዤ እሄዳለሁ፤ ሽለላውን እሱ ይነፋል።