ያበራሁት ክፍል

ጋና ባሕር ዳርቻ ላይ ስለቆመው የኤልሚና ግንብ ከዓመታት በፊት በአንድ መጽሔት የወጣውን የፎቶግራፍ ዘገባዬን ያያችሁ ትኖራላችሁ። ከሥዕሎቹ ሁሉ አንዱ በጣም ተወዶ ነበር፤ ቅስት ጣሪያ፣ ወርቃማ ብርሃን ያረፈበት የድንጋይ ግድግዳ፣ በመጨረሻው ጠባብ በር። ያ ብርሃን የክፍሉ አይደለም። ያስገባሁት እኔ ነኝ። ክፍሉ በባርነት የተያዙ ሴቶች መርከብ እስኪመጣ ታጉረው የሚቆዩበት እስር ቤት ነው።

አስጎብኚው እዚያ ሲያስገባን አምፖሉን አጠፋና ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለን እንድንቆም ለመነን። መዳፌን እንኳ ማየት አልቻልኩም። እርጥበቱ ይሸታል፤ ከውጭ የሚሰማው ማዕበሉ ብቻ ነው። አብረውኝ ከቆሙት መካከል ከአትላንቲክ ማዶ የመጡ፣ ምናልባትም የእነዚያ ሴቶች የልጅ ልጅ ልጆች የሆኑ ሰዎች ነበሩ። እኔ ግን ሰዓት እንዳያልፍብኝ ስለሰጋሁ “ወንድሜ፣ እባክህ አብራው፣ ሥራ አለብኝ” አልኩት። ምንም ሳይናገር አበራው። ሰዎቹ አንድ በአንድ ወጡ። ያን ጊዜ ፊታቸውን አላየሁም፤ መቆሚያዬን እየዘረጋሁ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ሙያው ያላችሁ ትረዱታላችሁ። ሁለት መብራት ከበሩ ጀርባ ደበቅሁ። ሹተሩን ለብዙ ሴኮንድ ከፈትሁ። ሰፊ ሌንስ ስለተጠቀምሁ ሰው በሰው ላይ ይታጨቅበት የነበረው ክፍል አዳራሽ መሰለ። ቤቴ ገብቼ ደግሞ ኮምፒውተር ላይ ጥላውን ገለጥሁ፣ ቢጫውን ጨመርሁ፣ በግድግዳው ላይ ያለውን ጥቁር እድፍ አጠፋሁ። ከሁሉም የሚከነክነኝ ይህ የመጨረሻው ነው። እድፉ እዚያ የነበሩት ሰዎች የተዉት ምልክት ሊሆን እንደሚችል እያወቅሁ፣ “ዓይን ይስባል” ብዬ አጠፋሁት።

ይህን ያደረግሁት በክፋት አልነበረም፤ ጥፋቴን ግን አያቀለውም። እኔ ግንብ የማውቀው ከጎንደር ነው። በልጅነቴ ግንብ ማለት ክብር፣ የነገሥታት ግብር፣ የአባቶች ጥበብ ማለት ነበር። የኤልሚና ግንብና የፋሲል ግቢ በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት በአንድ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1979 መሆኑን ሳነብ ደስ ብሎኝ ዘገባዬን በዚያ ጀመርሁ። ፋሲለደስ ጎንደርን በ1636 እንደቆረቆሩ፣ ደቾች ኤልሚናን በ1637 እንደያዙ ጎን ለጎን ጻፍሁ። የቀን መገጣጠሙ እውነት ነው። ሁለቱን ግንቦች በአንድ ዓይን ማየቴ ግን ስሕተት ነበር።

ኤልሚናን በ1482 የጀመሩት ፖርቱጋሎች ናቸው። ዲዮጎ ደ አዛምቡዣ የተጠረበ ድንጋይ ሳይቀር ከአገሩ በመርከብ ጭኖ መጣ። መጀመሪያ የፈለጉት ወርቅ ነበር፤ ለወርቁም ልዋጭ ከሌላ የባሕር ዳርቻ ያመጧቸውን ባሪያዎች እዚያው ይሸጡ ነበር። ደቾች ትይዩ ካለው ኮረብታ በመድፍ ደብድበው ከያዙት በኋላ ግን ግንቡ ሰዎችን ወደ ብራዚል፣ ወደ ሱሪናምና ወደ ካሪቢያን የሚያሻግር በር ሆነ። በ1872 ለእንግሊዞች አስረከቡት፤ እነሱም የአሻንቲውን ንጉሥ ፕሬምፔን ወደ ስደት ከመላካቸው በፊት እዚያው አሰሯቸው። የገዥው ሰገነት ከሴቶቹ ግቢ በላይ ነው። አስጎብኚዎቹ እንደሚናገሩት ገዥው ከላይ ቆሞ የፈለጋትን ሴት ይመርጥ ነበር። እኔ ያን ሰገነት ያነሳሁት ባሕሩ ከጀርባው ደምቆ ስለታየኝ ነው፤ ከሥሩ የጻፍሁትም ስለ ባሕሩ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የጋና ባሕር ዳርቻ ግንቦች ሲታደሱ ከአሜሪካ የመጡ የባሪያ ዘሮች አጥብቀው ተቃውመው ነበር። ነጩ ቀለምና በእስር ክፍሎቹ የገባው መብራት ታሪካችንን እያጠበብን ነው አሉ። ጨለማውና ሽታው እንዳለ እንዲቆይ ለመኑ። ይህን ከመሄዴ በፊት ማንበብ እችል ነበር። ያነበብሁት ከዘገባው በኋላ፣ አንድ አረጋዊ አንባቢ ስልክ ደውለው “ልጄ፣ ያ ቤት ምንድን ነው? የወይን ጠጅ ማስቀመጫ ነው?” ብለው ከጠየቁኝ በኋላ ነው። ምን እንደነበረ ነገርኋቸው። ረጅም ጊዜ ዝም አሉና “ታዲያ ለምን አሳመርኸው?” አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ የባሰ አለ። አንድ ሆቴል ፎቶግራፉን ለምግብ አዳራሹ ከእኔ ገዝቷል፤ ገንዘቡንም ተቀብያለሁ። ኋላ ገንዘባቸውን ልመልስና እንዲያወርዱት ጠየቅኋቸው። እንግዶች ይወዱታል፣ ይቆይልን አሉ። ሰዎች ከእነዚያ ሴቶች እስር ቤት ሥር ምሳቸውን እየበሉ ነው፤ እነሱ አያውቁም፣ እኔ ግን አውቃለሁ።

አስጎብኚውን ይቅርታ ልጠይቀው ብፈልግም ስሙን እንኳ አልጠየቅሁትም ነበር። ጨለማ ውስጥ እንዲቆሙ የተፈቀደላቸውን ያችን ጥቂት ጊዜ የቀማኋቸውን ጎብኚዎችም ዳግም አላገኛቸውም። ስለዚህ ወደ እናንተ መጣሁ። መጽሔቱ በቤታችሁ ካለ፣ ከፎቶግራፉ ሥር ያለውን የእኔን ጽሑፍ ሰርዛችሁ በእጃችሁ ይህን ጻፉበት፤ የሴቶች እስር ቤት፣ ኤልሚና። ክፍሉ ጠባብና ጨለማ ነው። መብራቱን ያስገባው፣ እድፉንም ያጠፋው ፎቶ አንሺው ነው።