ጀርባዬ ላይ ጠባሳ የለም

የታሰርኩት ዞን ዘጠኞች የሚባሉት ጦማርያን ከተያዙ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው። ሚያዝያ 17 እና 18 ቀን 2006 ዓ.ም. ስድስት ጦማርያንና ሦስት ጋዜጠኞች ታፍሰው ማዕከላዊ ምርመራ ሲገቡ፣ እኔ የማንም አባል አልነበርኩም። በስሜ የምጽፍ፣ አንባቢዎቼ ቢሰበሰቡ አንድ የሰርግ ድንኳን የማይሞሉ ጦማሪ ነበርኩ። የተያዝኩበትን ጣቢያ ስም አልጠራም።

መርማሪው ጽሑፎቼን አሳትሞ፣ በቀይ እስክሪፕቶ አስምሮባቸው ጠበቀኝ። መጀመሪያ ፓስወርዴን ጠየቀ፤ ሰጠሁት። ቀጥሎ «ማነው የሚከፍልህ?» አለ። በነጻ የሚጽፍ ሰው መኖሩን እስከ መጨረሻው አላመነኝም። ያኔ ኮምፒውተርን ከጠላፊ መጠበቅን መማር እንኳ ያስጠረጥር ነበር፤ በዞን ዘጠኞች ክስ ላይ «ሴኪዩሪቲ ኢን ኤ ቦክስ» የተባለው መማሪያ እንደ ወንጀል ተጠቅሷል። ቁጭ ብድግ ያሠሩኛል፤ ጉልበቴ ሲከዳኝ ውስጥ እግሬን በኤሌክትሪክ ገመድ ይገርፉኛል። የተያዘ ሰው የእምነት ቃል እንዲሰጥ አይገደድም የሚለው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 አንዱ ጽሑፌ ውስጥ ነበር፤ እሱም በቀይ ተሰምሮበታል።

ውጭ የሆነውን አላወቅኩም። ባሕር ማዶ ያለ አንድ የማላውቀው ሰው፣ ጀርባው የተተለተለ ሰው ፎቶ ፌስቡክ ላይ ለጥፎ ስሜን ጽፎበታል። ፎቶው እኔ ከመታሰሬ በፊት ከሌላ አገር የወጣ ነው። እናቴ አይታው ጎረቤት በለቅሶ ተሰብስቧል።

ፖሊስ በፀረ ሽብር አዋጅ 652/2001 የ28 ቀን ቀጠሮ ሊጠይቅብኝ ፍርድ ቤት ሲያቀርበኝ እጄን አወጣሁ። «ክብርት ዳኛ፣ ተደብድቤያለሁ።» መርማሪው ይህችን ቃል ሲጠብቅ የቆየ ይመስል ከዶሴው ውስጥ ያንን ፎቶ መዝዞ አቀረበ። ስሜ በትልቁ ተጽፎበታል። ዳኛዋ ፎቶውን አዩና ሸሚዜን እንድገልጥ አዘዙኝ። ገለጥኩ፤ ምንም የለም። «የተገረፍኩት ውስጥ እግሬን ነው» ብዬ ጫማዬን ላወልቅ ጎንበስ ስል «ይበቃል፣ ተቀመጥ» አሉኝ። መዝገቡ ላይ የድብደባ ምልክት አለመታየቱ ተጻፈ፤ 28 ቀኑም ተፈቀደ።

ስለ ገራፊዎቼ ብዙ ማለት እችላለሁ፤ ግን እነሱ ሥራቸውን ያውቁ ነበር። እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ፎቶው ነው፤ በእኔ ስም፣ ለእኔ ተብሎ፣ ምስክርነቴን ከአፌ ነጠቀኝ።

በኋላ ያለ ክስ ተለቀቅኩ። ከዘጠኙ ጦማርያንና ጋዜጠኞች አምስቱ ሐምሌ 2007 ላይ ክሳቸው ተቋርጦ ወጡ፤ የቀሩት ጥቅምት 5 ቀን 2008 ዓ.ም. ከሽብር ክሱ ነጻ ተባሉ። ፎቶውን የለጠፈውን ሰው ፈልጌ ደወልኩለት። «ወንድሜ፣ ለአንተ ብዬ እኮ ነው፤ እግር ማን ያያል?» አለኝ። ሳይዋሽ የመለሰልኝ ይቺን ብቻ ይመስለኛል።

ከእስር ወጥቼ መጀመሪያ የጻፍኩት ይህ ነው፦ በፎቶው ላይ ያለው እኔ አይደለሁም፣ ጀርባዬ ላይ ጠባሳ የለም፣ የተገረፍኩት ውስጥ እግሬን ነው፣ በምንና በየትኛው ክፍል እንደሆነም ጨምሬ። ወዳጆቼ ተቆጡ። «ለነሱ መሣሪያ አቀበልካቸው፤ ዝም ብትል ምን ነበረበት?» አሉኝ። አንዱ እስከ ዛሬ አያናግረኝም። ጽሑፉን ግን አላነሳሁትም።