ካንዴላ ስትመሰክር

የአዲስ አበባ ጋራዥ ቋንቋ ግማሹ ጣሊያንኛ ነው። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ኮፈን እያለ የሚሠራ መካኒክ የማንን ቃል እንደሚናገር ቆም ብሎ አያስብም። ከሁሉ ያማረ ስም የደረሳት ግን ካንዴላ ናት፤ በጣሊያንኛ ሻማ ማለት ነውና። አየርና ቤንዚኑን የምታቀጣጥለው ይህች ትንሽ ዕቃ ለመፍታት ቀላል በመሆኗ፣ መኪና ባስቸገረ ቁጥር የመጀመሪያዋ ተከሳሽ ትሆናለች። አሮጌዋን ፈትቶ መጣል፣ አዲስ ማሰር፣ ሒሳብ መቀበል። ካንዴላ ግን ብዙውን ጊዜ ምስክር እንጂ ጥፋተኛ አይደለችም።

አባቷ ትተውላት ያለፉትን ቮልስዋገን የምትነዳ አንዲት መምህርት በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ አራት አራት ካንዴላ ገዝታለች። መኪናዋን ለመለወጥ አላሰበችም፤ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከታገደ ወዲህ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ደግሞስ ቮልስ በዚህች ከተማ መች ተራ መኪና ሆና ታውቃለች? መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ከቤተ መንግሥታቸው ይዛ የወጣችውም ቮልስ ነበረች። አዲስ ካንዴላ በታሰረ ቁጥር የመምህርቷ መኪና ለጥቂት ሳምንታት ደህና ትሆናለች፤ ከዚያ ጠዋት ጠዋት ማሳል፣ ዳገት ላይ መንገጫገጭ፣ ቤንዚን ቤንዚን መሽተት ትጀምራለች።

በመጨረሻ ያገኘቻቸው ሽማግሌ መካኒክ አዲስ ካንዴላ አላዘዙም። አራቱንም ፈትተው፣ የትኛዋ ከየትኛው ሲሊንደር እንደወጣች ሳያምታቱ፣ ጨርቅ ላይ በተራ ደረደሯቸው። «ልጄ፣ እስቲ መጀመሪያ ፊታቸውን እንይ» አሏት።

ጫፏ ፈዘዝ ያለ ቡናማ የሆነች ካንዴላ ጤነኛ ናት። ከነጣች ሞተሩ ቤንዚን አንሶታል ወይም ከልክ በላይ ግሏል። ዘይት ከቀባት ዘይቱ ወደማይገባበት እየገባ ነው። በቤንዚን ርሳ ከወጣች ብልጭታው ሳይደርሳት አይቀርም፤ ደረቅ ጥላሸት ከለበሰች ደግሞ ቤንዚኑ ከአየሩ በዝቷል። ከቀለማቸው እኩል ብዛታቸውም ይናገራል፦ አንዷ ብቻ ከታመመች በሽታው የዚያ ሲሊንደር ነው፤ አራቱም አንድ ዓይነት ከታመሙ ሁሉም የሚጠጡበት ምንጭ ይመርመር። የመምህርቷ አራቱም ከሰል መስለው ነበር።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ በመሆኗ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። ለጅቡቲ አየር የተለካ ካርቡሬተር እዚህ ደጋ ሲወጣ ቤንዚን ያበዛል፤ ለደጋ የተስተካከለው ደግሞ ጅቡቲ ሲወርድ ያሳንሳል። ይህ ግን ብቻውን ካንዴላን በሳምንታት ውስጥ አያጠቁርም። ሽማግሌው ካንዴላዎቹን አጽድተው መለሱና ሞተሩን አስነሥተው በደንብ እስኪሞቅ ጠበቁ። ከዚያ ፊልትሮውን ሲያነሡ የቾኩ ክዳን እንደተዘጋ ነው። ቾክ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ አየሩን አፍኖ ቤንዚኑን የሚያበዛ ነው፤ በዚያች ቮልስ ላይ በኤሌክትሪክ እየሞቀ በራሱ መከፈት ነበረበት። የሚያሞቀው ሽቦ ወልቋል። መልሰው ሰኩት።

ብዙ መካኒክ እዚህ ላይ እጁን ይታጠባል። እርሳቸው ግን «ሽታው ስትነጂ ነው ወይስ ቆማ ስታድርም?» ሲሉ ጠየቋት።

«እኔማ ለምጄዋለሁ፣ ጋሼ። ግቢያችሁ ቤንዚን ይሸታል የሚለን እንግዳ ነው።»

ሁለት ሽታ አለ ማለት ነው። በማርሚታ የሚወጣው ያልተቃጠለ ቤንዚን ሞተሩ ሲጠፋ ያበቃል፤ ቆማ አድራ የምትሸት መኪና ግን የሆነ ቦታ ታፈሳለች። የሰው አፍንጫ ደግሞ ሽታን በደቂቃዎች ውስጥ ይላመዳል፤ ከቤቱ ሰው ይልቅ እንግዳው የሚታመነው ለዚህ ነው። ቮልስ ሞተሯ ከኋላ፣ የቤንዚን ታንኳ ከፊተኛው ኮፈን ሥር ነው፤ ቤንዚኑ ከተቀማጮቹ ሥር አልፎ ወደ ኋላ ይጓዛል። ከታንኩ መውጫ ላይ ያለው የጎማ ቱቦ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ በሞተሩ በኩል ያለውም እንዲሁ። ጎማ በዕድሜው ይደርቃል፤ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ለዓመታት ከቤንዚን ጋር ይቀላቀል የነበረው ኢታኖልም ለአሮጌ ጎማ ወዳጅ አልነበረም።

የቤንዚን ተን ከአየር ይከብዳል። በኖ ወደ ላይ አይጠፋም፤ መሬት ለመሬት እየተሳበ ዝቅ ካለ ቦታ ይተኛል። የመምህርቷ እናት ደግሞ ዘወትር ከሰዓት በኋላ ከሰል አቀጣጥለው ቡና የሚያፈሉት ከመኪናዋ አፍንጫ ሥር፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ ሳቃቸውን አቁመው ቁልፉን ከእጇ ተቀበሉ። «ቱቦዎቹ ሳይለወጡ ይህች መኪና ከዚህ አትወጣም።»

መምህርቷ በታክሲ ወደ ቤት ተመልሳ ምድጃው ወደ ጓሮ እንዲዞር እናቷን ለመነች። «አባትሽ መኪናውን ሳይገዙ በፊት እኔ እዚህ ቡና አፍልቻለሁ» አሏት። በማግስቱ መኪናዋ ስትመለስ ጓሮ እንድትቆም ተደረገ።