የአንበሳ ርስትና ጉልት
ከጣራ ገዳም እስከ አልጣሽ

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው ወረታን አልፎ ወደ አዲስ ዘመን ሲቃረብ፣ ከታረሰው መሬት በላይ በተራራው ላይ ጠቁሮ የሚታይ ደን ያገኛል። ይኸውም ጣራ ገዳም ነው። ከበታቹ ያለው የፎገራ ሜዳ በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው የሚተኙበት፣ በበጋ ደግሞ ስመ ጥር የሆነው የፎገራ ከብት የሚሰማራበት ሰፊ አገር ነበር፤ ከአርባና ከሃምሳ ዓመት ወዲህ ግን ከግጦሹ ብዙውን ሩዝ ወስዶታል። በተራራው ላይ ያለው ወይራና ብሳና ከምሳር የተረፈው ገዳሙ ስለ ጠበቀው ነው። የደኑ ስፋት 875 ሄክታር ያህል ነው። ይህን ቁጥር አንባቢ ያስታውስልን፤ ኋላ እንፈልገዋለንና።

በዚህ ደን አንበሳ የለም። በፎገራ አንበሳ የሚገኘው በሥዕልና በስም ብቻ ነው። በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ አቡነ ሳሙኤል ዘዋልድባ በአንበሳ ተቀምጠው፣ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስም በ60 አንበሶችና በ60 ነብሮች ተከበው ይታያሉ። ወንድ ልጅ ሲቈላመጥ አንበሴ ይባላል፤ ጀግና ሲሞገስም ስሙ ይኸው ነው። በዚህ ሁሉ የምናስበው አንበሳ አንድ ብቻ ነው፤ ጎፈሩን ነስንሶ፣ ረዳት ሳይሻ፣ በግርማው ብቻ አገር የሚያስከብር። የዱሩ አንበሳ ግን እንደዚህ አይደለም። ብቻውን የቀረ ወንድ መሬት ቢያገኝ እንኳ ይዞ የሚቈየው ለጥቂት ጊዜ ነው።

ነገሩን በቀድሞው የመሬት ቋንቋችን ብንናገረው ይቀላል። ከ1975 የመሬት ዐዋጅ ወዲህ ቃላቱ የታሪክ ቢሆኑም (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ሽማግሌዎቻችን አልረሷቸውም። ርስት በትውልድ የሚወርድ ነው፤ ጉልት ግን ለተሾመ የሚሰጥ፣ ሹመቱ ሲሻርም የሚነሣ ነው። በአንበሶች ዘንድ ርስተኞቹ እንስቶቹ ናቸው። እናት፣ ልጅ፣ አክስትና የልጅ ልጅ በአንድ መሬት ተወልደው ብዙዎቹ በዚያው ያረጃሉ። ወንዱ ልጅ ግን ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ሲሞላው ከመንጋው ይወጣል፤ ካልወጣም ይባረራል። ከዚያ በኋላ ከወንድሞቹና ከአክስቶቹ ልጆች ጋር፣ ዘመድ ያጣውም በመንገድ ካገኘው ብቸኛ ጋር ተባብሮ፣ ጎፈሩ እስኪሞላ ድረስ በሌሎች ድንበር ላይ ተደብቆ ይኖራል። ሲበረታ የሌላውን ጉልት ይነጥቃል። የሚይዘውም ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ነው፤ ከዚያም ሹም ሽር ይመጣል።

ይህ በይበልጥ የታወቀው በታንዛንያ በሴሬንጌቲ በተደረገው ረጅም ጥናት ነው። ጆርጅ ሻለር በ1966 ጀመረው፤ ከ1978 ወዲህ ደግሞ ክሬግ ፓከርና አን ፒዩዚ መሩት። ተባባሪዎቹ ወንዶች በብዛት ሁለት ወይም ሦስት ናቸው፤ እስከ 9 የደረሱም ታይተዋል። ሲበዙ የሚይዙት መንጋ ይበዛል፣ ዘመናቸውም ይረዝማል። በ1991 የወጣው ውጤት ግን ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርም ነው። ሁለት ሲሆኑ በተቀራረበ መጠን ይወልዳሉ፤ ስለዚህ ባዕድ ከባዕድ ጋር መተባበሩ አይጎዳውም። አራትና ከዚያ በላይ ሲሆኑ ግን አንዳንዱ ያለ ልጅ ያረጃል፤ ስለዚህም ትልልቆቹ ቡድኖች የሥጋ ዘመዶች ብቻ ሆነው ተገኙ። ልጅ የሌለው ለወንድሙ ልጆች ይዋጋል ማለት ነው። እኛ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን፤ ተረቱን የተናገረው ሰው አንበሳው ራሱ ድር መሆኑን የሚያይበት ዕድል ሳያጣ አልቀረም።

ድንበሩ በምን ይታወቃል ቢሉ፣ በሽንትና በድምፅ ነው። ጸጥ ባለ ሌሊት የአንበሳ ግሣት እስከ 8 ኪሎ ሜትር ይሰማል። ኬረን ማኮምና ባልደረቦቿ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የባዕድ አንበሶችን ድምፅ ቀርጸው በማጉያ አሰሙ። እንስቶቹ የጠሪዎቹን ቍጥር ከራሳቸው ቍጥር ጋር እያመዛዘኑ እንደሚቀርቡ ወይም እንደሚቀሩ ታየ። የባዕድ ወንድ ድምፅ ሲሰሙም ደቦሎቻቸውን ይዘው ይሸሻሉ፤ የራሳቸው ወንዶች ሲያገሡ ግን አይደነግጡም።

የሚፈሩትም በከንቱ አይደለም። (ይህን ለሕፃናት የሚያነብ ወላጅ እዚህ ላይ ራሱ ይፍረድ።) አዲስ ወንዶች መንጋውን ሲይዙ የቀድሞዎቹን ደቦሎች ይገድላሉ። ደቦል የያዘች እናት ልጆቿ ሁለት ዓመት እስኪጠጉ ድረስ ዳግመኛ አትፀንስም፤ ልጆቿ ከሞቱ ግን ብዙ ሳትቈይ ወንድ ትቀበላለች። ሹመቱ ሁለት ዓመት ብቻ የሆነ ወንድ ደግሞ ሁለት ዓመት መጠበቅ አይሆንለትም። ብዙዎች ይህን ጭካኔ ይሉታል፤ ለእኔ ግን የዘመን ማጠር ይመስለኛል። እናቶቹም ዝም ብለው አያዩም፤ በአንድነት ይከላከላሉ፤ አንዳንዴ ያድናሉ፣ አንዳንዴም በዚያው ይሞታሉ። እንግዲህ ወንዶቹ ተባብረው የሚቈዩበት ዘመን ማለት ደቦሎቹ የሚያድጉበት ዘመን ማለት ነው።

ኅብረቱ ሲፈርስ የሚሆነውን በደቡብ አፍሪካ በሳቢ ሳንድ የነበሩት፣ ማፖጎ የተባሉት 6 ወንዶች አሳይተዋል። በ2006 ገብተው ብዙ አንበሶችን ገደሉ፤ ስድስት ሳሉም የሚቋቋማቸው አልተገኘም። በኋላ ግን ሁለቱ ተለይተው ወደ ምሥራቅ ሄዱ። በ2010 አጋማሽ ማጂንጊላኔ የተባሉ 4 መጤዎች ከሁለቱ አንዱን ገደሉት። የቀረው ወደ ወንድሞቹ ተመለሰ፤ እርሱንም በ2012 ሌሎች ወንዶች ገደሉት፤ ከዚያ በኋላ ማፖጎ የያዙት መሬት አልነበረም።

አሁን ያንን ቍጥር እናንሣ። 875 ሄክታር ከ9 ካሬ ኪሎ ሜትር ያንሳል። በሴሬንጌቲ አንድ መንጋ አደን በበዛበት ቦታ ሃያ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል፣ በሌለበትም በመቶ የሚቈጠር ይሻል። በጣራ ገዳም ደን መካከል አንድ አንበሳ ቢያገሣ ድምፁ ከዛፎቹ አልፎ፣ ከአዲስ ዘመን ቤቶች ላይ ተሻግሮ በፎገራ ሩዝ ውስጥ በወደቀ ነበር። ለመልስ የሚያገሣለት ባላንጣ ይቅርና፣ ለራሱ ድምፅ የሚበቃ አገር የለውም።

እንዲህ ያለ አገር በክልሉ የቀረው ከጣና ማዶ፣ በስተ ምዕራብ በቋራ ቈላ ነው። ቋራ የአፄ ቴዎድሮስ የትውልድ አገር ነው፤ ንጉሡ ያለመዷቸውን አንበሶች በአጠገባቸው አድርገው እንግዳ ሲቀበሉ የሚያሳይ የአውሮፓውያን ሥዕልም አለ። በዚያ ያለው የአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ በ2006 ሲቋቋም ስፋቱ 2,666 ካሬ ኪሎ ሜትር ሆኖ ተከለለ። የኦክስፎርዱ ሐንስ ባወርና ባልደረቦቹ በ2015 መጨረሻ በዚያ ካሜራ ተክለው የአንበሶችን ፎቶግራፍና ዱካ አገኙ፤ በ2016 መጀመሪያም ዜናው ለዓለም ተነገረ። በአልጣሽና ከሱዳን በኩል በሚዋሰነው በዲንደር ፓርክ በአንድነት ከ100 እስከ 200 አንበሶች እንደሚኖሩ ገመቱ፤ በአልጣሽ ብቻ ከ27 እስከ 54።

ለጥቂት አንበሶች የባላንጣ መኖር ራሱ ሕይወት ነው። በታንዛንያ በንጎሮንጎሮ ጎድጓዳ ምድር በ1962 ነካሽ ዝንብ አንበሶቹን ፈጅቶ ጥቂቶች ብቻ ቀሩ። ከዚያ በኋላ 7 ወንዶች ከውጭ ገቡ፤ የተወለዱት ልጆች ግን በዝተው በትልልቅ ቡድን ስለ ተደራጁ፣ ከውጭ የመጣ ሌላ ወንድ ለ25 ዓመት ያህል አልቻላቸውም። ዘመድ ከዘመድ እየተዋለደም ዘሩ ደከመ። የአልጣሽ አንበሳም ከዲንደር የሚመጣ ተቀናቃኝ ካጣ የሚጠብቀው ይኸው ነው። በበጋ ውኃው ሲያንስ ከብት አርቢዎች ወደዚያው ይወርዳሉ፤ በ2023 ደግሞ በድንበሩ በሁለቱም ወገን ጦርነት ተነሣ። ወንዶቹ አንበሶች የሚጣሉበት ምድር አንድ ነው፤ የሁለቱ መንግሥታት ድንበር ግን በመካከሉ ያልፋል።